ከመንቀጥቀጥ በፊት የመጡ ሌሊቶች፦ ከድሬዳዋ አንድ የጉዳይ ጥናት

ታካሚው የ67 ዓመት አባት ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ በቶርኖ ባለሙያነት አሳልፈው አሁን ከባለቤታቸው ጋር ከዚራ አካባቢ በጡረታ ይኖራሉ። ታሪካቸውን የምጽፈው በእሳቸውና በቤተሰባቸው ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

ወደ እኛ ያመጣቸው የቀኝ ትከሻቸው ነው። ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሳት ተስኗቸዋል፣ ሸሚዝ ሲለብሱ እጅጌው ያስቸግራቸዋል። ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግተዋል፣ «ሪህ ነው»፣ «ነርቭ ነው» እየተባሉ ሁለት ዓመት ገደማ ከርመዋል። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ግን ከትከሻው ሌላ አንድ ጉዳይ ነበራት። አባቷ የጡረታ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ባንክ ሄደው ፊርማቸው አይመሳሰልም ተብለው ተመልሰዋል። የድሮውንና የአሁኑን ፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። የድሮው ሰፋ ያለ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ጭራ ወረቀቱን ያቋርጣል። አዲሱ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ደህና ይነሳና ሦስተኛው ላይ በግማሽ ያንሳል፤ መጨረሻው ላይ ፊደሉ ጠፍቶ መስመር ብቻ ይቀራል። ሪህ የሰውን ጽሑፍ እንዲህ እያሳነሰ አይወስደውም።

ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመዱ ግራ እጃቸው ይወዛወዛል፤ ቀኙ ከጎናቸው ተጣብቆ ይቀራል። ዓይናቸው እምብዛም አይርገበገብም። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን በፍጥነት እያገናኙ እንዲያላቅቁ ስጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ ሰፊ ነበሩ፤ ከዚያ እየጠበቡ ሄደው መሐል ላይ ቆሙ። የእጃቸውን አንጓ ሳጥፍና ስዘረጋ ጥርስ እንዳለው ማርሽ እየተያያዘ ይለቃል። መንቀጥቀጥ የለባቸውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ፓርኪንሰን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ ለመለየት መንቀጥቀጥን ስለሚጠብቅ ነው። ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ሕሙማን ሲጀምራቸው አይንቀጠቀጡም። የበሽታው ዋና ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው፤ ከእሱ ጋር የጡንቻ ግትርነት ወይም እጅ ባረፈበት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሲኖር ሐኪሙ ፓርኪንሰንን ያስባል። በሽታውን ለይቶ የሚያረጋግጥ የተለመደ የደም ምርመራ የለም፤ መለያው በሐኪም እጅና ዓይን የሚደረገው ምርመራ ነው። ትከሻውም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የደረቀና የሚያም ትከሻ ከበሽታው ቀደምት መልኮች አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የተለመደ ነው። ልዩ ያደረገው ባለቤታቸው የነገሩኝ ነው።

እኚህ እናት የመድኃኒቶቹን ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በሁለቱ ዓመታት በየሕክምና ቤቱ አብረው ገብተዋል፤ በየቦታውም የተጠየቁት የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነው። አባትየውና ልጅቷ ለደም ምርመራ ሲወጡ ጠብቄ ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ አባባ ሌሊት እንዴት ናቸው? ሕልም ሲያዩ ሕልሙን በእጅ በእግራቸው ይሠሩታል? ይማታሉ፣ ይራገጣሉ፣ ይጮኻሉ?»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አሉ።

ማንም አልነገረኝም። በእንቅልፍ ውስጥ ሕልምን በአካል መፈጸም ከፓርኪንሰን ጋር እጅግ የተቆራኘ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለው ሰው ሲመጣ አጠገቡ የሚተኛውን መጠየቅ ልማዴ ነው። ሰውየውን መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ተኝቶ የሠራውን ራሱ አያውቅም።

ነገሩ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው አሉ፤ ዘመኑን የሚያስታውሱት በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ነው። መጀመሪያ ማጉረምረም ነበር። ቀጥሎ ስድብ መጣ፤ ቀን ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ሌሊት ይሳደባሉ። ከዚያ ቡጢና እርግጫ። ሁልጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ፣ ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ በፊት። ሲቀሰቅሷቸው ወዲያው ይነቃሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ሕልሙንም አንድ በአንድ ይናገራሉ፦ ጅብ አባሯቸው፣ ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶ፣ የማያውቁት ሰው ልጃቸውን ሊወስድባቸው ሲል። በሕልሙ ሁልጊዜ የሚከላከሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ሌሊት ሌባውን የያዙ መስሏቸው የሚስታቸውን አንገት ይዘው ነቁ። አንድ ጊዜ ባለቤታቸው ዓይናቸው ሥር በልዞ ለጎረቤት «በር መታኝ» አሉ። የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አልጋቸውን ግቢ አውጥተው በተኙበት ወቅት ደግሞ ከአልጋ ዘለው ወድቀው ግንባራቸው ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ተጋጨ፤ ተሰፋላቸው። ቁስሉን የሰፋው ባለሙያ እንዴት እንደወደቁ ጠይቋል። «ከአልጋ» የሚለው መልስ በቂ ሆኖ ታልፏል።

«ለማንም አልነገርኩም። የቤት ገበና ነው፤ ምን ብዬ ልናገር? ቀን እንደ እሱ ያለ ባል የለም» አሉኝ።

ቤተሰቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የሚያውቀውን ምክንያት ሁሉ ሞክሯል። የመጀመሪያው ጫት ነው። አባትየው እንደ አብዛኛው ጓደኞቻቸው ከሰዓት በኋላ በርጫ ይቀመጡ ነበር። የደም ግፊት ሲገኝባቸው አቆሙ፤ ሌሊቱ ግን አልቆመም። ጓደኞቻቸው «ዱካክ ነው» አሏቸው። በሐረርና በድሬዳዋ ዱካክን የማያውቅ የለም፤ ጫት ባቋረጠ ሰው ላይ ሌሊት የሚመጣ፣ የሚያባርር፣ ከገደል የሚጥል ክፉ ሕልም ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጫት ነው ስለሚባል አባትየው ወደ በርጫው ተመለሱ። ለውጥ አልመጣም፤ ጭራሽ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አምሽቶ ሆነ። ዱካክን እንደ ተረት አላየውም፤ ጫት ሲቋረጥ ብርቱና አስፈሪ ሕልም በእርግጥ ይመጣል። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሚረግብ ነው። የእኚህ አባት ሌሊት ገና ሲቅሙ ሳሉ ጀምሮ፣ ሲያቆሙም ሲመለሱም ሳይለወጥ ዓመታት ዘልቋል። በአካባቢያችን ጫት ለእንቅልፍ ችግር ሁሉ ዝግጁ መልስ በመሆኑ፣ ከኋላው የተደበቀውን ሌላ ምክንያት ስንት ጊዜ ሸፍኖብን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሁለተኛው የጦርነት ትዝታ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ወጣት ነበሩ፤ ያዩትን አይተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚያመጣው ሕልም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የታየውን ነገር የሚደጋግም ነው፤ የእሳቸው ሕልም ደግሞ ከጦርነቱ 40 ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣ፣ ጅብና ሌባ የሞላበት ነው። ሦስተኛ፣ ክፉ መንፈስ ነው ብለው ጸበል ተጠምቀዋል፣ ቁልቢ ገብርኤል ተስለዋል። ስለቱ ሰላም እንደሰጣቸው ነግረውኛል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከሁሉ የከፋው አራተኛው ነው። ልጆቹ የእናታቸውን ፊት በልዞ ሲያዩ አባታቸው እናታቸውን ይመታል ብለው አመኑ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባትየው በማያስታውሱት ነገር ይቅርታ ጠየቁ፣ እናትየው ሳሎን መተኛት ጀመሩ። አንድ የአንጎል ሕመም ምልክት በሽምግልና ፊት ቀርቦ በጥፋተኝነት ተፈረደበት።

የሆነው ይህ ነው። እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ በዙር ይሄዳል፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሕልም በጉልህ የሚታይበት ክፍል ሬም ይባላል፤ ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ሊነጋ ሲቃረብ እየረዘመ ስለሚሄድ የእኚህ አባት ግብግብ ከ9 ሰዓት በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በጤነኛ ሰው ላይ በዚህ ሰዓት በግንደ አንጎል ውስጥ ፖንስ በሚባለው ክፍል ያሉ ሕዋሳት የሰውነትን ጡንቻ ያረግባሉ። ሰው እየሮጠ ሲያልም እግሩ የማይሮጠው ለዚህ ነው። በእኚህ አባት ላይ ይህ ማርገቢያ አልሠራም። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በድመቶች ላይ ይህን ክፍል ሲጎዳ፣ ድመቶቹ ተኝተው ሳለ ተነስተው የማይታይ ጠላት ሲያጠቁ አይቷል። በሰው ላይ ይህን የእንቅልፍ ሕመም ራሱን አስችለው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሚኒሶታ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሃዋልድ ናቸው።

ያኔ ከፓርኪንሰን ጋር ያለው ዝምድና ገና አልታወቀም ነበር። ዝምድናውን ያሳየው ጊዜ ነው። ሼንክ የተከታተሏቸው ይህ የእንቅልፍ ሕመም ያለባቸው 29 ወንዶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲታዩ 38 በመቶው ፓርኪንሰንን የመሰለ ሕመም ይዟቸው ነበር፤ ከ16 ዓመት ተጨማሪ ክትትል በኋላ ቁጥሩ 81 በመቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የ24 ማዕከላት ጥናት በእንቅልፍ ላቦራቶሪ የተረጋገጠ ይህ ሕመም ያለባቸውን 1,280 ሰዎች ተከታትሏል። በየዓመቱ ከመቶው ስድስት የሚሆኑት ወደ ፓርኪንሰን፣ ሊዊ ቦዲ ወደሚባለው የመርሳት ሕመም ወይም ወደ ሌላ ተዛማጅ በሽታ ተሻግረዋል፤ በ12 ዓመት ውስጥ ደግሞ 73.5 በመቶው።

ምክንያቱ አልፋ ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተጣብቆ መከማቸቱ ነው። ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ክምችቱ በብዙ ሰዎች ከታችኛው የግንደ አንጎል ክፍልና ከማሽተቻው ነርቭ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። እንቅስቃሴን የሚያሳልጠውን ዶፓሚን የሚያመርተው ክፍል ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እጅ ሲዘገይ ከዚያ ክፍል ሕዋሳት ግማሹ ያህል ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ስለዚህ በሽታው አንጎል ውስጥ ዓመታት ከኖረ በኋላ ነው ቀን ላይ የሚታየው።

ይህን ይዤ ወደ ኋላ ስጠይቅ የቀረው ሁሉ ተራ በተራ መጣ። የሆድ ድርቀቱ የቆየ ነው፤ ከቀፊራ ገበያ ሰና መኪ እየተገዛ ሲጠጣ ኖሯል። ሽታ ማሽተት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሽሮውን ምድጃ ላይ ጥደው «ተመልከትልኝ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ድስቱ ከስሏል፤ እሳቸው ከኩሽናው በር አጠገብ ሬዲዮ እየሰሙ ነው። ያን ቀን ግድየለሽ ተብለው ተወቅሰዋል። ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በለንደን ስድስት ሰዎችን ይዞ በሽታውን ሲገልጽ የእንቅልፍ መታወክንም የሆድ ድርቀትንም ጽፏል። ሁለት መቶ ዓመት አለፈ፤ እኛ ግን ዛሬም ሕመምተኛ ሲመጣ የምንመለከተው እጁን ነው።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። በእንቅልፉ የሚያወራ፣ አንዳንዴ የሚራገጥ ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን ይይዘዋል ማለት አይደለም። ጥናቶቹ የተናገሩት ምርመራው ስለተረጋገጠላቸው ሰዎች ነው። ፓርኪንሰን ካለባቸውም ይህ የእንቅልፍ መዛባት የሌለባቸው ብዙ ናቸው። ደግሞም ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል። የሚጥል በሽታ ሌሊት ሲመጣ እንቅስቃሴው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውየው ከነቃ በኋላም ይደናገራል፣ ምላሱን ሊነክስ ወይም ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል። በማንኮራፋት መሐል ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰውም ሲነቃ ሊወራጭ ይችላል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ ወይም ያባብሳሉ። የእኚህን አባት ፌስታል ስፈትሽ ለትከሻ ሕመም የተሰጣቸውን አሚትሪፕቲሊን አገኘሁ፤ ከእነዚሁ አንዱ ነው። የሌሊቱን ታሪክ አልጀመረውም፤ ከጀመረ ዓመታት በኋላ የመጣ ነው። ነገር ግን ባለቤታቸው «ከዚህ ክኒን ወዲህ ብሶበታል» ሲሉ አመንኳቸው፤ ቀስ በቀስ አስቀነስነው።

የእንቅልፍ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ የሚረጋገጠው ሰውየው ሌሊቱን በላቦራቶሪ ተኝቶ አንጎሉ፣ ዓይኑና ጡንቻው ሲመዘገብ ነው። ይህን ምርመራ ለዚህ ቤተሰብ ማግኘት አልቻልንም። የልጅ ልጃቸው ግን በስልክ ቀረጸልን። ምስሉ ላይ አባትየው በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ተከድኗል። ድንገት ቀኝ እጃቸው ይነሳል፤ ቀን ከትከሻ በላይ አልወጣ ያለው እጅ ነው። አየሩን ሦስት ጊዜ በኃይል ይመታል። ድምፃቸው ግቢውን ይሞላል፣ ቃሉ አይንተባተብም፤ ክሊኒክ ውስጥ ግን ለመስማት ወደ እሳቸው ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ባለቤታቸው ምስሉን አብረውኝ እያዩ «ሌሊት ወርክሾፕ የነበረው ሰው ነው፤ ቀን ሽማግሌ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህንኑ ዘግቧል፤ የፓርኪንሰን ሕሙማን በሬም እንቅልፍ ሲንቀሳቀሱ ቀን የሚይዛቸው ዝግታ ይለቃቸዋል፣ ድምፃቸውም ይጎላል። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከዚህ ምስል የበለጠ የነካኝ የለም።

አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ከረዳቱ ካርቢዶፓ ጋር ያለበትን ክኒን በትንሹ ጀመርን። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ሥራውን ስለሚያውክ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲወስዱት ተነጋገርን። በጾምም ይሁን ፋርማሲ ውስጥ ሲጠፋ ክኒኑን በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑን ለልጆቹ ደጋግሜ ነገርኳቸው። በሳምንታት ውስጥ ሸሚዛቸውን ራሳቸው መልበስ ቻሉ፤ ትከሻውም ላላ።

ለሌሊቱ የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን አይደለም፣ አልጋው ነው። ፍራሹ ወለል ላይ ወረደ፣ መስተዋት ያለው ኮሜዲኖ ከክፍሉ ወጣ፣ ግቢ ሲተኙ ከደረጃው ርቀው ሆነ። ለዚህ የእንቅልፍ ሕመም የሚሰጠውን ሜላቶኒን አላገኘንምና ክሎናዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሰጠን፤ መድኃኒቱ አዛውንትን ለመውደቅ ስለሚያጋልጥና የትንፋሽ መቋረጥ ላለበት ሰው ስለሚያሰጋ ክትትል ይፈልጋል። ሌላ አንድ ነገር በወረቀት ጽፌ ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ፦ አባትየው ቢያስመልሳቸው ብዙ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀውን ሜቶክሎፕራሚድ እንዳይወስዱ፣ ቢቃዡ ደግሞ ሃሎፔሪዶል እንዳይሰጣቸው። ሁለቱም ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ሰውየውን ሊያደርቋቸው ይችላሉ።

ሰዎች የሚጠይቁኝ ቀድሞ ማወቁ ምን ይጠቅም ነበር የሚል ነው፤ በሽታውን የሚያስቆም የተረጋገጠ መድኃኒት ገና የለምና። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንቅልፍ መዛባት ብቻ ያለበትን ሰው «ፓርኪንሰን ሊመጣብህ ይችላል» ብሎ ማስጨነቅ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን መጠየቅ ይገባል። በዚህ ቤት ግን ስለ ወደፊቱ ምንም ሳይነገር፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት «ይህ ሕመም ነው፣ ጥፋት አይደለም» የሚል ሰው ቢኖር አባትየው ግንባራቸው ባልተሰፋ ነበር፤ ልጆቹም አባታቸውን ባልፈረዱባቸው ነበር። የሰውነት እንቅስቃሴ ደግሞ ከምርመራ በፊትም በኋላም ይጠቅማል። አሁን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከዚራ በዛፎቹ ሥር ከልጅ ልጃቸው ጋር በእግር ይሄዳሉ፤ ቀኝ እጃቸውን አውቀው እያወዛወዙ።

ልጆቹን ሰብስቤ ምስሉን ሳሳያቸው ትልቋ አለቀሰች። አባቷ የሚያጽናኗት እሳቸው ነበሩ። እናትየው ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሰዋል፤ ፍራሻቸው ግን ለየብቻ ነው። የራሳቸው የደም ግፊትም እንቅልፍ በማጣት ዓመታት ከፍ ብሎ ስለተገኘ አሁን ካርድ አውጥተው ይታከማሉ።

የሚቀረን ሥራ አለ። የእንቅልፍ መዛባቱ አብሮት የሚኖር ፓርኪንሰን ውሎ አድሮ የማስታወስና የማሰብ ችግር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እስካሁን የወርክሾፑን ማሽኖች በስማቸው፣ የመጡበትንም ዓመት ጭምር ይነግሩኛል፤ ቢሆንም በየቀጠሮው እንፈትሻለን። ይህን ለባለቤታቸው አልደበቅኩም። ባለቤታቸው በልጅ ልጃቸው ደብተር የሌሊቱን ማስታወሻ ማስያዝ ጀምረዋል፦ የጮኹበት ቀን፣ የታየው ሕልም፣ ክኒኑ የተወሰደበት ሰዓት። ቀጣዩ ቀጠሯችን ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ።